በሁዳዴ ትቶ በፋሲካ መመለስ

ዛሬ የምንጽፈው ነገር በማዕድ ዙሪያ የሚነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም በብዙ ቤት ውስጥ በዝምታ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ዝምታውም ቤቱን ይበልጥ ስለሚጐዳ፥ አፍረን ብናልፈው ከመምህርነት ዕዳ ነጻ አንሆንም። ነገሩም በእጅ ስልክ የሚታየው የብልግና ሥዕልና ፊልም በባልና በሚስት መካከል የሚያመጣው ጕዳት፥ ይልቁንም ይህን ልማድ መተው የሚቻልበት መንገድ ነው።

ከዓመታት በፊት ያስተማርነው፥ አሁን ባለትዳር የሆነ አንድ ጎልማሳ ሊጠይቀን መጣ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ሥራና ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ ቈይቶ፥ ባለቤታችን ወደ ጓዳ በገባች ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህር፥ ትዳሬ ሊፈርስብኝ ነው» አለን። ከተማሪነቱ ጀምሮ የለመደው ነገር ነበር። ሚስቱ ከተኛች በኋላ ስልኩን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ያመሻል፤ ከእርስዋ ጋራ ሲሆን ግን ሰውነቱ አይታዘዝለትም። ምክንያቱን ስላልነገራት፥ እርስዋ ጕድለቱ የራስዋ መስሏት ነበር። ከወለደች ወዲህ መልኳ የጠፋ፥ ባልዋም የተጸየፋት መስሏት ከመስተዋት ፊት ቆማ ስታለቅስ አገኛት። ወደ እኛ ያመጣውም ይኸው ልቅሶዋ እንጂ የራሱ ኀፍረት አልነበረም።

«ለመተው አልሞከርህም ወይ?» ብለን ብንጠይቀው «ሁዳዴ በገባ ቍጥር እተወዋለሁ፤ 55ቱን ቀን አላይም። በፋሲካ ማግስት ግን እመለስበታለሁ» አለ።

በዚህ መልስ ላይ ብዙ አሰብን። ሥጋና ቅቤን በጾም የምንተዋቸው ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ጾሙ ሲፈታ በምስጋና እንበላቸዋለን። ይህ ወዳጃችን ግን ሳያውቀው የብልግናውን ሥዕል ከዶሮ ወጡ ጋራ ቈጥሮ፥ ቀኑ እስኪደርስ የሚጠብቀው ነገር አድርጎት ኖሯል። ደግሞም በጾሙ ወራት ባልና ሚስት መኝታ ስለሚለዩ ጕድለቱ አይገለጥበትም። ስለዚህ ጾሙ መድኃኒት በመሆን ፈንታ መሸሸጊያ ሆነለት። ይህን ስንል ጾሙን ማቃለላችን አይደለም፤ 55 ቀን የተወ ሰው መተው እንደሚቻለው በራሱ ላይ መስክሯልና።

እኛ ሐኪም ስላልሆንን አስቀድሞ እንዲመረመር መከርነው። ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብ የሚሉት ነገር ከስኳር በሽታ፥ ከደም ግፊት፥ ከአንዳንድ መድኃኒት፥ ከመጠጥና ከጭንቀትም ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የልብ ሕመም ቀዳሚ ምልክት ይሆናል። ሐኪሙ ደሙንና ግፊቱን ከመረመረ በኋላ «ለብቻህ ስትሆንስ?» ብሎ ጠየቀው። ለብቻ ሲሆን የሚታዘዝ አካል ከሚስት ጋራ ሲሆን እምቢ የሚል ከሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ደም ሥሩና ነርቩ ደኅና ነው፤ ችግሩ በልማድ፥ በፍርሃት ወይም በሐሳብ በኩል ይፈለጋል። (ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውን የወንድነት ክኒን ግን እንጠንቀቀው። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢውጠው፥ ግፊቱን በድንገት አውርዶ ሊገድለው ይችላል።)

እንዲህ ያለው ሥዕል ብቻውን ስንፈት ያመጣል ወይ ቢባል፥ ተመራማሪዎች አንድ ቃል የላቸውም፤ ዝምድና ያገኙ አሉ፥ ያላገኙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ልማድ መግዛት ያቃታቸውን 19 ሰዎች መርምረው፥ እንዲህ ያለውን ፊልም ሲያዩ በአንጐላቸው የሚነቃው ክፍል የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ዕፁን ሲያይ ከሚነቃው ጋራ የሚመሳሰል መሆኑን ጽፈዋል። 19 ሰው ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ፥ ሰው ለ6 ወር ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ የፍትወቱን ግፊት መግዛት አቅቶት ጤናው፥ ሥራውና ቤተ ሰቡ ሲጐዳ ሕመም ይለዋል፤ ሆኖም ከሱሶች ተርታ አላገባውም። ደግሞም ጭንቀቱ ሁሉ ከኀፍረትና ከኀጢአተኝነት ስሜት ብቻ የመጣ እንደ ሆነ፥ ያ ብቻውን ሕመም እንዳይባል አስጠንቅቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለእኛ ለአማኞች እጅግ ይጠቅማል። ለነፍስ አባት የሚነገረውንና ለሐኪም የሚነገረውን መለየት ያስተምረናልና። አንድ ቀን ተሰናክሎ ያየውን ልጅ «ሱሰኛ ሆነሃል፥ አለቀልህ» የሚል ወላጅ ከጥፋቱ የከፋ ሸክም ይጭንበታል።

በአሜሪካ የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት 28 ወንዶች 12 ጊዜ ያህል ከአማካሪ ጋራ እየተገናኙ ይህን ልማድ በብዙ ቀንሰዋል። የተማሩትም ሐሳቡን በጉልበት ማባረርን አልነበረም፤ ግፊቱ ሲመጣ ሳይደነግጡ መጣ ማለትን፥ ሳይታዘዙለትም ወደሚወዱት ነገር፥ ወደ ቤተ ሰባቸውና ወደ ሥራቸው መመለስን ነበር። ይህን ስናነብ ፈገግ አልን። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖሩት አበው፥ ሐሳብ በደጅ ማለፉ ሌላ፥ ሐሳብን አስገብቶ ማስተናገድ ሌላ መሆኑን አስተምረው ነበርና።

ጎልማሳው በመጀመሪያ ያደረገው ለሚስቱ መናገር ነበር። ይህን ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። እርስዋም ተቈጣች፥ ሁለት ቀንም አላነጋገረችውም፤ በሦስተኛው ቀን «እንግዲያስ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም?» ብላ ጠየቀችው። ይህን ሲነግረን ዐይኑ እንባ አቀረረ። ለነፍስ አባቱም ነገረ፤ እርሳቸውም ንስሓ ሰጥተው፥ በወደቀበት ቀን ሳይሰወር በማግስቱ እንዲመጣ አዘዙት። መሰወር ከለመደ ሰው ላይ ይህ ትእዛዝ ከስግደቱ ይልቅ ከበደው።

ሐኪሙ ደግሞ ለጊዜው ግንኙነትን ሳይጠብቁ፥ በመተቃቀፍና በመነጋገር ብቻ እንዲቈዩ መከራቸው። ይህ ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፤ «ዛሬስ ይሆንልኝ ይሆን?» የሚለውን ፍርሃት ከመኝታው ላይ ያነሣል። የብልግና ፊልም ተመልካቹን ከማየት በቀር ምንም አይጠይቀውም፤ ሚስት ግን ትናገራለች፥ ትደክማለች፥ ትስቃለች፤ ከሰው ጋራ መሆንን እንደ አዲስ መልመድ ጊዜ ይወስዳል። ወዳጃችን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለት ጊዜ ወድቆ፥ ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ሄዷል። የሚወድቀውም ሲደክመውና ሲከፋው፥ ሌሊት ብቻውን ሲሆን መሆኑን ራሱ ደረሰበት።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ከሚስቱና ከልጁ ጋራ ሊጠይቁን መጡ። የተለየ ነገር አላወራንም፤ ስልኩ አሁን የሚያድረው በሳሎኑ ብፌ ላይ መሆኑን ግን በጨዋታ መካከል ሰማን። በእርሱ ፈንታ የገዙት የደወል ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ እያለ እንቅልፍ ስለሚነሣት፥ ሚስቱ ድምፅ የሌለው እንዲለውጥላት ጠየቀችው። እርሱም «እሺ፥ ነገ» አላት።