የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎች

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላዎች የተቀረጹት በርሊን ነው። ዘመኑ 1908 እ.ኤ.አ.፣ አፄ ምኒልክ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነበር። ዘፋኙ ተሰማ እሸቴ ግን ጀርመን የሄደው ለዘፈን አልነበረም። አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መኪና መንዳትና መጠገን የሚችል የአገር ልጅ አስፈለገ፤ ተሰማም ሙያውን እንዲማር ተላከ። ሞተር ሊማር ሄዶ 17 ያህል ሸክላ አስቀርጾ ተመለሰ።

ቅጂዎቹ ተሰባስበው ለዛሬ አድማጭ የቀረቡት መቶኛ ዓመታቸውን ምክንያት በማድረግ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ አልበም ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሙሉ በሙሉ የተሰማ ነው። ተከታታዩ ስሙ የገነነው በእነ ማሕሙድ አህመድ፣ በእነ ዓለማየሁ እሸቴና በእነ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ያንን የለመደ ሰው 27ኛውን ሲከፍት ሳክስፎን ቢጠብቅ አያገኝም። መጀመሪያ የአሮጌ ሸክላ ሹርሹርታ ይሰማል፤ ከዚያ ማሲንቆ፤ ከዚያ የአንድ ወንድ ድምፅ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም።

ለአዲስ አበባ ወጣት ይህ ሊከብድ ይችላል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ግን ከ«ኢትዮፒክስ» ሁሉ የሚቀርበው ይኸው ይመስለኛል። በጉና ተራራ ዙሪያ ሠርግ የበላ ሰው አንድ ድምፅና አንድ ማሲንቆ ዳስ ሙሉ ሕዝብ ሲያንቀሳቅሱ አይቷልና። ነፋስ መውጫም ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ አርብ ገበያም ይሁን ወገዳ፣ አሠራሩ አንድ ነው። አዝማሪው ደጋኑን ዕጣን ያሸዋል፤ የፈረስ ጭራው ካልሻከረ ክሩን አይዝም፣ ድምፅም አይወጣም። ከዚያ እየተዘዋወረ እንግዳውን በስሙ ያነሳሳል። ጠላው ሞቅ ያደረገው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ሳያዛንፍ ይቀበልና በዜማ ይመልሰዋል። ሰሙን ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁ የገባው ቀድሞ ይስቃል። ጨዋታው እስኪነጋ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ይህን ጥበብ በርሊን ወዳለው ክፍል እንውሰደው። ያኔ ማይክሮፎን የሚባል ነገር ለሸክላ አልዋለም፤ በኤሌክትሪክ መቅረጽ የተጀመረው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ዘፋኙ የሚዘፍነው አፉን ወደ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ አስጠግቶ ነበር። የድምፁ ግፊት በቀንዱ ጫፍ ያለውን ስስ ገበታ ያንቀጠቅጠዋል፤ ገበታው መርፌውን ያንቀሳቅሳል፣ መርፌው ደግሞ የሚሽከረከረውን የሰም ሰሌዳ ይፈለፍላል። ከሰሙ ላይ የብረት ቅርጽ ይወጣና ሸክላው በዚያ ይታተማል። ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ የለም፤ ከቀንዱ ፈንጠር ያለ ሁሉ አይሰማም። ማሲንቆ ደግሞ በተፈጥሮዋ ድምፀ ለስላሳ ናት። ስለዚህ ዘፋኝና ማሲንቆ ተጠጋግተው ቀንዱ ላይ መደቀን ነበረባቸው። ዛሬ ስንሰማው ድምፁ ደረቅና ጠበብ ያለ የሚመስለን በዚህ ምክንያት እንጂ ተሰማ እንዲያ ስለነበረ አይደለም።

ከዚህ የባሰው የጊዜው ነገር ነው። የዚያን ዘመን ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጫወት ጥበብ ይህ ጉሮሮ እንደ መጥረግ ነው። ቅጂዎቹ ላይ የሚጎድለኝም እሱ ነው፤ የሚቀበለው አለ፣ የሚሰጠው ግን የለም። የሚስቅ፣ «እሰይ!» የሚል፣ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍ ሰው የለም። ሆኖም የጊዜው ጥበት ለአንድ ነገር ጠቅሟል፤ ግጥሙ ተጨምቆ፣ ዜማው ሳይንዛዛ ቀርቷል። ዛሬ በማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ከመቶ ዓመት በፊት ደጋን እንዴት ይሳብ እንደነበር፣ ዜማ የት ላይ ይረግብ እንደነበር በጆሮው ማነጻጸር የሚችለው እነዚህ ሸክላዎች በመትረፋቸው ነው።

ተሰማ ራሱ ከአዝማሪ ዘር የወጣ ሳይሆን የቤተ መንግሥት ሰው ነበር። ማሲንቆ መያዝ ለባለሟል እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ይህን ማድረጉ ድፍረት ነው ብል አላጋነንኩም። የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ነበርና እሳቸው በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ እሱም አብሮ ወደቀ። ልጁ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለደው ጅማ ነው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆነው ማለት ነው። አባትየውን ብዙዎቻችን የምናውቀው በልጁ በኩል መሆኑ ትንሽ ያሳዝናል።

ተሰማን ከመረሳት ያዳነው ድምፁ መቀረጹ ብቻ አይደለም፤ የማን እንደሆነ መታወቁም ነው። የኛ አገር አዝማሪዎች ዛሬ በየሠርጉ በስልክ ይቀረጻሉ፤ ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ስሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ውስጥ አዝማሪ የምትቀርጹ ሁሉ፣ እባካችሁ ከዘፈኑ በፊት የአዝማሪውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን በራሱ አፍ አስነግሩት። ግጥሙን የሰጠው ሰው ከታወቀም የእሱንም ስም ጨምሩ።