ከወላይታ ሶዶ ወደ ግድቡ ሐይቅ፦ ጸጥ ባለ ውኃ ዳር ስለማረፍ

በሞቃት ውኃ ዳር ዕረፍት ማሳለፍ ለቀደመው ትውልድ ምጽዋ መውረድ ማለት ነበረ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ይህን ስፍራ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱና አርባ ምንጭ ይዘውታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የጊቤ 3 ግድብ በፈጠረው ሐይቅ አካባቢ የሐላላ ኬላ ሪዞርት ተጨምሯል። ሪዞርቱ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብር፣ ከጎርጎራና ከወንጪ ጋር በታቀደው የኮይሻ ፕሮጀክት ሥር የተሠራ ነው። የሚገኘው በዳውሮ ዞን ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል የሚመጣ ተጓዥ በወላይታ ሶዶ አልፎ፣ የታርጫን መንገድ ይዞ የኦሞን ሸለቆ ይወርዳል።

ቁልቁለቱ የአየሩን ጠባይ ይለውጠዋል። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ወይና ደጋ ናት፤ ሐይቁ ግን 900 ሜትር ገደማ ላይ ይተኛል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ስለሚጨምር፣ ጧት ሶዶ ላይ የለበሱት ጋቢ ከቀትር በፊት ሸክም ይሆናል።

የሪዞርቱ ስም ከዳውሮው ንጉሥ ሐላላ የመጣ ነው። ንጉሡ ግዛቱን ለመከላከል ያስካበው ካብ ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬም በአካባቢው ይታያል። ጎብኚው ውኃውን ብቻ አይቶ ቢመለስ የጉዞውን ግማሽ ያጣል። የስፍራው ጸጥታ ለሌላም ጉዳይ ተፈልጓል፤ ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ የፌዴራል መንግሥትና የሕወሓት መሪዎች ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የተገናኙት በዚሁ ሪዞርት ነው።

ስለ ሐይቁ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ። ውኃው የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን፣ የኦሞን ወንዝ ወደ ኋላ አግዶ ገደላማውን ሸለቆ ሞልቶታል። ስለዚህ ዳርቻው ቋሚ አይደለም። ክረምቱ ሲገባ ውኃው ከፍ ይላል፤ በበጋ ኃይል ሲመነጭ ዝቅ እያለ ሄዶ ራቁቱን የቀረ ቋጥኝና ደለል ያሳያል። በጥቅምት በፎቶግራፍ ያዩትን ዳርቻ በሚያዝያ ፈልገው ቢያጡት ሊደነቁ አይገባም። ሐይቁን ሞልቶ፣ መንገዱንም ደርቆ ለማግኘት የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው።

በዚሁ ምክንያት በሐይቁ ውስጥ መዋኘት አይመከርም። ዳርቻው እንደ ባሕር አሸዋ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ ጥቂት እርምጃ ካለፈ በኋላ በድንገት ገደል ሊሆን ይችላል። በተጥለቀለቀው ሸለቆ የቀሩ ዛፎችም ከውኃው በታች አይታዩም። ኦሞ የአዞና የጉማሬ ወንዝ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ውኃው በማይንቀሳቀስበትና ሣር በበዛበት ዳርቻ የሚገኙ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ፣ እግርን መንከር እንኳ ጥንቃቄ ይሻል። መዋኘት የሚፈልግ በመዋኛ ገንዳ ይዋኝ፤ በጀልባ የሚንሸራሸርም፣ ዋና የሚችል ቢሆን እንኳ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብስ አይሳፈር።

አካባቢው ቆላ በመሆኑ የወባ ትንኝ አለ። ወባ በተለይ ክረምት እንዳለፈ፣ ማለትም ለጉዞ ተመራጭ ባልነው ወቅት፣ ትበረታለች። ነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚጓዙ ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ሌሎችም ቢሆኑ አጎበርና እጀ ረጅም ልብስ አይለያቸው። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የተሰማው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ደሙን ሲያስመረምር ቆላ መክረሙን ለባለሙያው ይንገር፤ ይህ ሳይነገር ቀርቶ ሕክምናው ሊዘገይ ይችላል።

በእንዲህ ያለ ሪዞርት ማደር ለብዙ ቤተሰብ ወጪው ቀላል አይደለም። አንዱን ሌሊት ሶዶ አድሮ በማግስቱ ለውሎ መውረድ ወጪውን ያቃልላል፤ ከገንዘቡም የተወሰነው በመንገድ ዳር ላሉ ነጋዴዎች ይደርሳል። ሶዶ ላይ ጥሬ ሥጋ በዳጣ የሚወድ ሰው የሚሻውን አያጣም። በመስከረም የሚመጣ ደግሞ የወላይታን የዘመን መለወጫ፣ ጊፋታን፣ ሊያገኝ ይችላል። በዚያ ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስለምትሞላ የመኝታ ክፍል ቀደም ብሎ መያዝ ያሻል።