ደብዳቤው ለማን ነው?

«ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለዳኛ ፊት ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ ጻፍ የተባለ ተፈታኝም የሚፈረድለት ወይም የሚፈረድበት በአነጋገሩ ነው።

ፈተናው የቱ ነው ትሉ እንደሆነ፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1989 የተጀመረውንና አይኤልትስ የሚባለውን እንውሰድ። ይህ ፈተና ሁለት ዓይነት ነው። ለከፍተኛ ትምህርት የሚፈለገው ሠንጠረዥና ግራፍ ያስተነትናል እንጂ ደብዳቤ አያስጽፍም። ለሥራና ለኑሮ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች በሚወስዱት ላይ ግን የመጀመሪያው የጽሕፈት ጥያቄ ደብዳቤ ነው። ጠቅላላው የጽሕፈት ጊዜ 60 ደቂቃ ሲሆን ለደብዳቤው 20 ደቂቃ ያህል እንዲሰጠው ይመከራል፤ ርዝመቱም ከ150 ቃላት ማነስ የለበትም። ተከትሎ የሚመጣው ድርሰት የደብዳቤውን ሁለት እጥፍ ዋጋ ስላለው፣ ሰዓቱን በደብዳቤው ላይ የጨረሰ ሰው ኪሣራው ድርብ ነው። ለፈተናው የሚከፈለውም ገንዘብ እንዲሁ የሚጣል አይደለም።

የአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትክክለኛውን መልስ ከምርጫዎች መካከል መለየትን እንጂ ደብዳቤ መጻፍን አይጠይቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት እንኳ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በወጉ ሳይጽፍ ትምህርቱን ሊፈጽም ይችላል። ጻፍ በተባለ ጊዜም እጁ የሚሄደው ወደሚያውቀው ወደ አማርኛው ማመልከቻ ነው።

ይህም ክፉ አይደለም። የአማርኛ ማመልከቻ «ለ» ብሎ ይነሣል፤ «ጉዳዩ» ብሎ ይቀጥላል። ይኸውም የሚጻፍለትን ሰውና የሚፈለገውን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ማስታወቅ ነው። እንግሊዝኛውም የሚሻው ይህንኑ ነው። ችግር የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ትተን የሰላምታውን ጌጥ ብቻ ስንገለብጥ ነው። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ማለት ለዘመድ ያማረ ነው። ለሱቅ ሥራ አስኪያጅ በሚጻፍ የእንግሊዝኛ አቤቱታ ላይ ግን ቦታና ጊዜ በልቶ ጉዳዩን ሳይነካ ያልፋል።

ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል። ከአንድ ሱቅ የገዛችሁት ራዲዮ ተበላሸ፤ ለሥራ አስኪያጁ ጻፉ፤ ምን እንደገዛችሁ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ ግለጹ። የተጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ አንዱን የዘለለ ሰው እንግሊዝኛው ምንም ቢያምር ማርኩ ይጎድላል። አድራሻ መጻፍ አያስፈልግም። የሰውየው ስም ስላልተነገረን «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብለን እንጀምራለን። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጉዳዩን ይናገር፤ «አይ አም ራይቲንግ ቱ ኮምፕሌን አባውት ኤ ራዲዮ» ብሎ ራዲዮው የተገዛበትን ቀን ያስከትል። ከዚያ ለየነጥቡ አንድ አንቀጽ ይበቃል። በመጨረሻ፣ ስሙን ላላወቅነው ሰው «ዩርስ ፌዝፉሊ»፣ በስሙ ጠርተን ለጀመርንለት «ዩርስ ሲንሲርሊ» እንላለን።

በስም አጠራር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ወጥመድ አለ። እኛ «አቶ» ብለን የምናስከትለው የሰውየውን የራሱን ስም ነው፤ እንግሊዞች ግን «ሚስተር» ብለው የሚያስከትሉት የቤተ ሰቡን ስም ነው። ስለዚህ ጆን ብራውን ለተባለ ሰው «ዲር ሚስተር ብራውን» እንጂ «ዲር ሚስተር ጆን» ተብሎ አይጻፍም።

ትሕትናም ቦታው ይለያያል። እኛ «ዝቅ ብዬ በትሕትና እለምናለሁ» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ትሕትናው የሚታየው በግሡ አመራረጥ ላይ ነው። «አይ ዎንት ማይ መኒ» ያለ ሰው ጠረጴዛ የደበደበ ይመስላል። «አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ ሪፈንድ ማይ መኒ» ያለውም የሚጠይቀው ያንኑ ገንዘብ ነው፤ አጠያየቁ ግን የጨዋ ነው። እንደዚሁም «አይም» እና «ዶንት» ለወዳጅ ይጻፋሉ፤ ለሹም ግን «አይ አም» እና «ዱ ኖት» ተብለው ይዘርዘሩ።

አንዳንዶች ሙሉ ደብዳቤ በቃላቸው አጥንተው ይገባሉ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ከጥያቄው ጋር ስለማይገጥም ፈታኙ ቶሎ ይነቃበታል። ሌሎች ደግሞ ሰዋስው ብቻ ያስጨንቃቸዋል። ነገር ግን ማርኩ በአራት እኩል ይከፈላል፤ የተጠየቀውን መመለስ፣ ሐሳብን በቅደም ተከተል ማያያዝ፣ የቃላት ሀብትና ሰዋስው። ለማን እንደሚጽፍና ምን እንደሚፈልግ ያላወቀ ሰው ሰዋስው ብቻውን አያድነውም።

ይህ ትምህርት ከፈተናው አዳራሽ ውጭም ይከተላችኋል። ነገ በመሥሪያ ቤታችሁ ለውጭ አገር ድርጅት ጻፉ ስትባሉ የሚጠየቀው ያው ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ሰዓት ከፊታችሁ አስቀምጡና በራዲዮው ጉዳይ ደብዳቤውን ሞክሩት፤ 3 ደቂቃ አስቡ፣ 14 ደቂቃ ጻፉ፣ 3 ደቂቃ መልሳችሁ አንብቡ። ብዕሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግን በወረቀቱ ጥግ ላይ ሁለት ጥያቄ በአማርኛ ስፈሩ፤ ለማን ነው? ምን እንዲያደርግልኝ ነው?