የጌም ኮምፒውተር በአነስተኛ ብር፦ ገንዘባችሁ የትኛው ዕቃ ላይ ቢወጣ ያዋጣል?

ወር በወር እያጠራቀማችሁ ያቆያችኋት ብር አለች እንበል። ጌም የሚያጫውት ዴስክቶፕ ልትገዙ ወጣችሁ። አንዱ ሻጭ «ይሄ ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ምንም አያቅተውም» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ በዚያው ዋጋ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ስሪ የሆነ፣ ግን ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ኮምፒውተር ያሳያችኋል። የቱን ትገዛላችሁ? ከስሙ ከተነሳን ሰባት ከሦስት ይበልጣል። ጌሙን ስትከፍቱት ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ለምን? መልሱን ለማግኘት እስቲ የሻጮቹን ወሬ ለጊዜው እንተወውና ኮምፒውተሩ ውስጥ አንዲት ምስል እንዴት እንደምትሠራ እንይ። ምክንያቱ ከገባችሁ የትኛውም ሱቅ ብትገቡ፣ ዋጋው ቢወጣ ቢወርድ፣ ራሳችሁ ማመዛዘን ትችላላችሁ።

በ16.7 ሚሊሰከንድ የሚያልቅ ሥራ

ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ነገር ሁሉ ተከታትለው የሚመጡ፣ እያንዳንዳቸው ግን የማይንቀሳቀሱ ምስሎች ናቸው። አንዷ ምስል ፍሬም ትባላለች። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት ኮምፒውተሩ አንዷን ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለበት (1,000 ሚሊሰከንድን ለ60 አካፍሉት)። 30 ፍሬም ይበቃኛል ካላችሁ 33.3 ሚሊሰከንድ ጊዜ አለው። 144 ከፈለጋችሁ ግን 6.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ደግሞ የምስሏን ስፋት አስቡት። ፉል ኤችዲ የምንለው ስክሪን 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። በ60 ስታባዙት በየሰከንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ቀለማቸው መሰላት አለበት ማለት ነው። ፎር ኬ ስክሪን ደግሞ የዚህ አራት እጥፍ፣ 8,294,400 ፒክስል አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔያችሁ ስለ ፕሮሰሰር ሳይሆን ስለ ስክሪን ነው። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ፉል ኤችዲ ላይ ቆዩ፤ ሥራውን በአራት እጥፍ ጨምራችሁ ርካሽ ኮምፒውተር መፈለግ አያስኬድም።

አንድ ባለሙያና አንድ ደቦ

ይህን ሁሉ ሥራ የሚካፈሉት ሁለት አካላት ናቸው። ፕሮሰሰሩ እንደ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ነው። ጠላት የት ቆመ፣ ጥይቱ ማንን መታ፣ ኳሷ ወዴት ነጠረች የሚለውን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ያስባል። ኳሷ መመታቷ ሳይታወቅ ወዴት እንደነጠረች ማስላት አይቻልምና ሥራውን ለሺህ ሰው ማከፋፈል አይጠቅምም። ጥቂት ግን በጣም ፈጣን የሆኑ ኮሮች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ግን ደቦ ነው። የአንዱ ፒክስል ቀለም እስኪሰላ ጎረቤቱ ፒክስል መጠበቅ የለበትም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሰሉ ይችላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ለምሳሌ በ2021 የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 6600 ካርድ 1,792 ትናንሽ ማስሊያ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ብቻውን ከፕሮሰሰር ኮር ጋር አይወዳደርም፤ በጋራ ሆነው ግን ያን ሚሊዮን ነጥብ ይወጡታል።

የዘገየው ይወስናል

ግራፊክስ ካርዱ የአሁኗን ፍሬም ሲስል ፕሮሰሰሩ የቀጣይዋን ያዘጋጃል። ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው። በቁጥር እንየው፦ ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 8 ሚሊሰከንድ፣ ካርዱ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። የምታገኙት በሰከንድ 50 ፍሬም ነው። አሁን ብዙ ብር አውጥታችሁ ፕሮሰሰሩን ሁለት እጥፍ ፈጣን፣ 4 ሚሊሰከንድ አደረጋችሁት። ስንት ፍሬም አገኛችሁ? አሁንም 50! ያው ካርዱን እየጠበቀ ይቀመጣል። ያንኑ ብር ካርዱ ላይ አውጥታችሁ 10 ሚሊሰከንድ ብታደርሱት ግን 100 ፍሬም ታገኙ ነበር።

ይህን በተግባር መፈተሽ ትችላላችሁ። ጌም ከፍታችሁ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጉ። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ወደኋላ ሲጎትት የነበረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ችግሩ ፕሮሰሰሩ ጋ ነው። በአብዛኛው ሰፋፊና የሚያማምሩ ዓለማት ያሏቸው ጌሞች ካርዱን ይፈትኑታል፤ እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 ያሉ፣ ተጫዋቾች በሰከንድ ብዙ ፍሬም የሚፈልጉባቸው ደግሞ ፕሮሰሰሩንም ያስጨንቁታል። ስለዚህ «ምን ልግዛ?» ከማለት በፊት «ምን ልጫወት?» በሉ።

ስሙ አይሸውዳችሁ

ወደ አይ ሰቨን እንመለስ። በ2011 የወጣው ኮር አይ ሰቨን 2600 አራት ኮር አለው። በ2022 የወጣው ኮር አይ ስሪ 12100ም አራት ኮር አለው። መነሻ ፍጥነታቸው 3.4 እና 3.3 ጊጋኸርዝ ስለሆነ በወረቀት ላይ አሮጌው እንዲያውም በትንሹ ይበልጣል። ሆኖም ጌም ላይ አዲሱ በሰፊ ልዩነት ይቀድማል። ምክንያቱም ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ እንጂ እርምጃው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አይደለም። ከ11 ዓመት በኋላ የተሠራው በአንድ እርምጃ ብዙ ሥራ ይጨርሳል። ስለዚህ ሻጩ «አይ ሰቨን» ሲላችሁ «ስንተኛ ትውልድ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ሌላ ነገር፦ አንዳንድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች መጨረሻቸው ላይ ኤፍ የሚል ፊደል አለ። እነዚህ ውስጣቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ካርድ ካልገጠማችሁ ስክሪኑ ጨለማ ነው። በተቃራኒው እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያሉት የራሳቸው ግራፊክስ ስላላቸው ቀለል ያሉ ጌሞችን እየተጫወታችሁ ካርዱን ቆይታችሁ መግዛት ትችላላችሁ። የመረጣችሁት ፕሮሰሰር ከማዘርቦርዱ ሶኬት ጋር መግጠሙን ማረጋገጥም እንዳትረሱ።

ራምና ማከማቻ

ራም ላይ ብዙዎች መጠኑን ብቻ ነው የሚያዩት። ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ፍሬና ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ፍሬ እኩል ይመስላሉ፤ አይደሉም። ዲዲአር 4 ባለ 3200 ራም በሰከንድ 3,200 ሚሊዮን ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 8 ባይት ያስተላልፋል። ሲባዛ 25.6 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለት ፍሬ በትክክለኛው ቦታ ስትሰኩ ግን ሁለት መንገድ ይከፈትና 51.2 ይደርሳል። በተለይ ካርድ ሳትገዙ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የምትጫወቱ ከሆነ ምስሉም የሚሠራው በዚሁ ራም ላይ ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ኤስኤስዲስ? በአብዛኛው ፍሬም አይጨምርም፤ ጌሙ እስኪከፈት የምትጠብቁትን ጊዜ ግን በጣም ያሳጥራል። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የምትፈልጉት መረጃ ዞሮ እስኪመጣ ይጠበቃል። ኤስኤስዲ ውስጥ ግን የሚዞር ነገር የለም። ዋና ማከማቻችሁ ትንሽም ቢሆን ኤስኤስዲ ይሁን።

የማይቆጠብበት ዕቃ

ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚረሳው ፓወር ሰፕላይ ነው። እሱ ሲበላሽ ግን ብቻውን ላይሄድ ይችላል፤ ሌሎቹንም ዕቃዎች ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አርኤክስ 6600 እስከ 132 ዋት፣ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር 65 ዋት ገደማ ቢወስዱ፣ ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩንና ማራገቢያዎቹን ጨምረን ወደ 250 ዋት እንጠጋለን። ደህና የሆነ ባለ 450 ወይም 500 ዋት ሰፕላይ በቂ ነው። ከማይታወቅ ባለ «800 ዋት» ይልቅ የታወቀ ባለ 500 ይሻላል። መብራት ሄድ መጣ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ዩፒኤስ ወይም ስታቢላይዘር የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝታችሁ ካርድ ልትጨምሩበት ካሰባችሁ ይህን ያዙ፦ የማዘርቦርዱ የካርድ መሰኪያ በራሱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ ያስፈልገዋል፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ ደግሞ ያ ገመድ ብዙ ጊዜ የለም። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያሉ ባለ 75 ዋት ካርዶች የሚፈለጉት ለዚህ ነው፤ ግን ይህ ካርድ ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁ ዓይነቶችም ስላሉት አይታችሁ ግዙ። ኬዙ ቀጭን ከሆነም አጭሩን ዓይነት ካርድ ነው የሚቀበለው።

ከፍታና ሙቀት

ኮምፒውተር የወሰደውን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱን የሚወስደው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ይዘቱ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም እንዲሁ። የከተማዋ ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል። ድሬዳዋ ብትሆኑ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። በሁለቱም ቦታ ትምህርቱ አንድ ነው፦ ፊቱ በመስታወት ከተዘጋ የሚያምር ኬዝ ይልቅ አየር የሚያስገባ፣ ከፊት አስገቢ ከኋላ አስወጪ ማራገቢያ ያለው ኬዝ ምረጡ። አቧራውንም አልፎ አልፎ አራግፉ።

ከመክፈላችሁ በፊት

አዲስ ስትገጣጥሙ ከጠቅላላው በጀት ሲሶ ወይም ትንሽ በለጥ ያለውን ለግራፊክስ ካርዱ መድቡ፤ ከዚያ ከሱ ጋር የሚመጣጠን ፕሮሰሰር፣ ሁለት ፍሬ ራም፣ ኤስኤስዲና የሚታመን ፓወር ሰፕላይ። መብራት የሚያበሩ ጌጦች መጨረሻ ይምጡ፤ ቀይ መብራት ፍሬም አይጨምርም።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ስሙ የተለወጠ አሮጌ ካርድ ሊገጥማችሁ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ስም በሶፍትዌር ሊቀየር ይችላልና ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አረጋግጡ። ከዚያም ጌም ከፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ የሞቀ ዕቃ የደበቀውን ጉድ ያወጣል። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካለ እናንተ አትቸኩሉ።

አሁን እነዚያ ሁለት ሻጮች ፊት ብትቆሙ የምትጠይቁት ጥያቄ ተለውጧል። «የቱ ይበልጣል?» አትሉም። «የምጫወተው ጌም ላይ፣ በዚህ ስክሪን፣ ከሁለቱ የሚዘገየው የቱ ነው?» ነው የምትሉት። ብራችሁን እዚያ ላይ አውሉት። መልካም ጨዋታ!