አብሾ ወይስ ደዌ? ስለ ስኪዞፍሬኒያ ምልክቶችና ምርመራ

ከብቸና አቅራቢያ ካለችው ከዲማ ጊዮርጊስ አንሥቶ እስከ ሞጣ ጊዮርጊስ በተዘረጋው የቅኔ አገር፥ ትናንት በጉባኤ መካከል ብሩህ የነበረ ተማሪ ዛሬ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ለብቻው ሲያወራ የታየ እንደ ሆነ፥ አገሬው ሌላ መርማሪ ሳይሻ «አብሾ ጠጥቶ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ አልፎ አልፎ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር የሚዞርበት የወጣትነት ዘመን፥ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ጽኑ የአእምሮ ደዌ በአብዛኛው የሚጀምርበት ዘመን በመሆኑ፥ አብሾን በከንፈሩ ያልነካው ሁሉ በአብሾ ሲታማ፥ ደዌው ሳይታወቅ ሕሙሙም ሳይታከም ዓመታት ያልፋሉ።

ሁለቱን መለየት ለሐኪም እጅግ አዳጋች አይደለም። ትምህርት ይገልጣል እየተባለ የሚጠጣው አብሾ ከአስተናግር የሚቀመም ሲሆን፥ በዚህ ተክል ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊንን ከሥራው ያግዱታል፤ ስለዚህም የጠጣው ሰው የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፥ አፉ ይደርቃል፥ ልቡ በፍጥነት ይመታል፥ ሰውነቱ ይግላል፥ ያለበትን ቦታና ጊዜ ስቶ የሌለውን ነገር በዓይኑ ያያል፤ ካልገደለውም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይለቀዋል። በስኪዞፍሬኒያ የተያዘው ግን ቀኑንም ሥፍራውንም አብዛኛውን ጊዜ አይስትም፤ እርሱን የሚያስጨንቀው ከሚያየው ይልቅ የሚሰማው ነው፥ ይኸውም ሌላው የማይሰማው ድምፅ አንድ ጊዜ ሲያዝዘው፥ አንድ ጊዜ ሲሰድበው፥ አንድ ጊዜም ሁለት ሆኖ ስለ እርሱ ሲከራከር ነው።

ሁለተኛው ምልክት ከእውነት የራቀ፥ በማስረጃ የማይናወጥ እምነት ነው። በዚህ ላይ አገሩን የማያውቅ ሐኪም በቀላሉ ይሳሳታል፤ መንደሩ በሙሉ በቡዳና በዛር በሚያምንበት ዘንድ አንድ ሰው «ቡዳ በላኝ» ስላለ ብቻ ሕሙም አይባልምና፥ የሕክምናውም ደንብ ራሱ የሰው እምነት በማኅበሩ ሃይማኖትና ልማድ እንዲመዘን ያዝዛል። ያው ሰው ግን «መሪጌታው ሌሊት አሳቤን ከልቡናዬ እየቀዱ በድምፅ ማጉያ ለሕዝብ ያሰሙብኛል» ቢል፥ የንስሐ አባቱ ራሳቸው የሚደነግጡበት ነገር ይሆናል። በእኔ አስተያየት እንግዲህ፥ ለዚህ ምርመራ የንስሐ አባት ከብዙ መሣሪያ የሚበልጥ ምስክር ነው።

የንግግር መዘበራረቅም አለ። ባለ ቅኔ ወርቁን በሰም ቢሸሽግ መንገዱን ጠብቆ ነው፤ የሕሙሙ ንግግር ግን ካንዱ አሳብ ወደ ሌላው ያለ ማያያዣ ይዘላል። (ኅብር መፈለግ የለመደ የጎጃም ሰው በዚህ ውስጥም ወርቅ አገኘሁ ብሎ እንዳይደነቅ እሰጋለሁ።) እንዲሁም ቅጥ ያጣ ጠባይ፥ ወይም እንደ ድንጋይ ደርቆ መቆም ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ሳይስተዋል የሚያልፈው ግን ጩኸት የሌለው ምልክት ነው፦ ፊቱ ደስታም ኀዘንም አያሳይም፥ ቃሉ ያንሳል፥ መታጠብና ልብስ መለወጥ ይተዋል፥ ከሰው ይርቃል። ይህን ወላጆቹ ስንፍና፥ ባልንጀሮቹ ምናኔ ይሉታል፤ የመነነ ሰው ግን ጾሙንና ጸሎቱን ያጠነክራል እንጂ ከሌላው ሁሉ ጋር አብሮ አይተውም።

ስዊሳዊው ሐኪም ኦይገን ብሎይለር እ.ኤ.አ. በ1908 ለደዌው ይህን ስም ካወጣለት ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፥ በደም ወይም በራጅ የሚረጋገጥበት መንገድ እስካሁን የለም፤ ደም የሚመረመረው ቂጥኝን፥ ኤች አይ ቪን፥ ወባንና ይህን የመሳሰለውን አእምሮ የሚያውክ ሌላ ሕመም ለመለየት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከተነገሩት ከአምስቱ ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ፥ ከነዚያም አንዱ ከድምፅ መስማት፥ ከሐሰት እምነት ወይም ከንግግር መዘበራረቅ ሆኖ፥ ለ1 ወር ያህል እንዲታዩ፥ ሕመሙም በጠቅላላው 6 ወር እንዲቆይ ሲጠይቅ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ወር ይረካል።

በአገራችን ስለዚህ ደዌ ሰፊ ጥናት የተደረገው በቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ጥናት 68,378 ሰዎች ተጠይቀው 321 ሕሙማን ሲገኙ፥ ወንዶቹ ከሴቶቹ አምስት እጥፍ ያህል ነበሩ፤ በሌላው ዓለም ልዩነቱ ይህን ያህል ስላልሆነ፥ የታመመች ሴት በጓዳ ተሸሽጋ ቀርታ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው ያውቁ የነበሩት ከአሥር አንድ አይሞሉም ነበር።

የኔታዎችም ወላጆችም ሆይ፥ ልጁን በሰንሰለት አትሰሩት። መድኃኒቱ ከጠበሉ ጋር አይጣላምና ጠበሉን ሳታስተዉ ወደ ብቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ስትሄዱም ጠባዩ የተለወጠበትን ወር፥ የጠጣውንና የቃመውን፥ ትኩሳት ወይም መንፈራገጥ የነበረ እንደ ሆነ፥ ከዘመዶቹም እንዲህ የታመመ ካለ፥ ሳትሸሽጉ ለሐኪሙ ንገሩት።