የሚደማ ድድ፣ ንቅሳት የሚሸፍነው ሕመም

ጠዋት ጥርስዎን ሲፍቁ የመፋቂያው ጫፍ ደም ይነካዋል፤ ምራቅዎም ቀላ ይላል። ስለማያምዎ ችላ ይሉታል። «የተበላሸ ደም ነው፣ ይውጣ» የሚሉም አሉ። ጤነኛ ድድ ግን በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ሲነካ አይደማም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኘው ኮሶዬ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ለሚደማ ድድ የቆየው መላ ንቅሳት ነው። ድዱ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ጥላሸት ይቀባል፤ ቁስሉ ሲድን ጠቁሮ ይቀራል። የጠቆረ ድድ ጥርስን አጉልቶ ያሳያል፤ የብዙ እናቶቻችን ጌጥ ነውና በውበቱ ላይ ክርክር የለንም። ድድን ያጠነክራል፣ ደሙንም ያቆማል የሚለው ግን ትክክል አይደለም። የበሽታው መነሻ ያለው በጥርሱ ገጽ ላይ እንጂ በድዱ ሥጋ ውስጥ አይደለም። ይባስ ብሎ ድድ መታመሙን ከሚያሳብቁ ምልክቶች አንዱ መቅላት ነው፤ የተነቀሰ ድድ ይህን ይደብቃል። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲውል ደግሞ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል።

የተነቀሰ ድድ ካለዎት እንግዲህ ቀለሙን አይመኑ፤ ሲነካ መድማቱን፣ ማበጡንና የአፍ ጠረን መለወጡን ይከታተሉ።

በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ በየቀኑ ስስ፣ የሚያጣብቅ የባክቴሪያ ንጣፍ ይሠራል። ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ይጠነክርና ታርታር ይሆናል። ታርታር እንደ ድንጋይ የደረቀ ስለሆነ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። ድድ በዚህ ምክንያት ሲቆጣ ያብጣል፣ ይደማል። እዚህ ደረጃ ላይ ከተደረሰበት ሙሉ በሙሉ ይድናል። ካለፈ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጠራል፤ ባክቴሪያው ወደ ሥር ይወርዳል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንትም እያለቀ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ሕመም ነው። ቆሎ መቆርጠም ሲያቅት፣ ጥርስ ሲነቃነቅ «እርጅና ነው» ይባላል። ዕድሜ ብቻውን ጥርስ አያረግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከባድ የድድ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል።

ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ የኪሱን ጥልቀት ይለካል። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ጤነኛ ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደማ ያሳስባል። የአጥንቱ ሁኔታ በራጅ ይታያል። ዋናው ሕክምና የጥርስ እጥበት ነው፤ ታርታሩ ከድዱ በላይም በታችም ይፋቃል። ኪሱ ጥልቅ ከሆነ በማደንዘዣ፣ በተለያየ ቀጠሮ ይሠራል። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ እንደገና ተለክቶ ኪሱ ካልጠበበ፣ ድዱን ከፍቶ ሥሩን የማጽዳት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ያለቀ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም፤ የሕክምናው ግብ የቀረውን ማትረፍ ነው።

«እጥበት ጥርስ ያላላል» የሚባለው ከየት መጣ? ታርታሩ ሲነሳ ተሸፍኖ የነበረው ክፍተት ይታያል፣ ያበጠው ድድ ይሟሽሻል፣ ጥርስም ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቃዛ ነገር ሊሰማው ይችላል። ጥርሱን ያላላው ግን አስቀድሞ የጠፋው አጥንት ነው። ሌላው ስሕተት ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው። ታርታሩ እስካለ ድረስ መድኃኒቱ ሲያልቅ መድማቱ ይመለሳል።

ከኮሶዬ ለሚነሳ ሰው ጎንደር ሩቅ አይደለም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም እዚያው ነው። የሚያሳዝነው ብዙዎች የጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ለማስነቀል ብቻ መሆኑ ነው።

ደም ስላዩ መፋቅዎን አያቁሙ። መፋቂያም ቢሆን በደንብ ከተያዘ ያገለግላል፤ ጫፉን አኝከው ያለስልሱትና በድዱ ጠርዝ ላይ በቀስታ ያንቀሳቅሱት። ታርታር የሚበዛበትን የታችኞቹን የፊት ጥርሶች የውስጥ ጎን አይርሱ። ብሩሽ ካለዎት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ ይቦርሹ። በዚህ መልክ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አጽድተው መድማቱ ካልቆመ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የስኳር ሕመም ካለብዎት አንድ ሳምንት እንኳ አይጠብቁ፤ ስኳሩ ድዱን ይጎዳል፣ የታመመው ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር ሴት ድዷ ቶሎ ሊያብጥ ይችላል፤ እጥበት በእርግዝና ጊዜም ይሠራል፣ ለሐኪሙ እርጉዝ መሆንዋን መናገር ብቻ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ከኩፍኝ የተነሳ ሕፃን ድዱ ቆስሎ ከሸተተና ጉንጩ ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኖማ የሚባለው፣ ፊትን በቀናት ውስጥ የሚበላው በሽታ እንዲህ ይጀምራልና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።