«ሁሉም ነገር ካንሰር ያመጣል» እንዴ?

ባለፈው ሰሞን አንዱን የክፍላችንን ልጅ «ኧረ ሲጋራውን ተው፣ ካንሰር ያመጣል» ብለው ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ! ሞርታዴላም እኮ ከሲጋራ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው። ሁሉም ነገር ካንሰር ካመጣ ምኑን ትቼ ምኑን ልያዝ?» አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልስ አጣሁ። ከዚያ መምህራችንን ጠይቄ፣ አንብቤም የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ምድቡን የሚያወጣው በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን መቀመጫው በፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ነው። ምድቦቹም እነዚህ ናቸው፦

ምድብ 1፦ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ። ሲጋራ፣ አልኮል፣ በሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ፣ እንደ ሞርታዴላ ያለ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ።

ምድብ 2ሀ፦ ሳያመጡ አይቀሩም የሚባሉ። ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚያቃጥል መጠጥ እዚህ ነው።

ምድብ 2ለ፦ ሊያመጡ ይችላሉ የሚባሉ፣ ማስረጃቸው ግን ውስን የሆነ።

ምድብ 3፦ ለመመደብ በቂ ማስረጃ ያልተገኘባቸው። ቡናችን እ.ኤ.አ. በ1991 ምድብ 2ለ ገብቶ ነበር፤ በ2016 ወደዚህ ተዛውሯል።

እንግዲህ ጓደኛዬ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይደለም። በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚያጨስ ሰው በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ግን ከማያጨሰው ከ15 እስከ 30 እጥፍ ይደርሳል። ታዲያ ይኼ አንድ ነው?

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ኤች.አይ.ቪ ራሱ ምድብ 1 ውስጥ ነው! የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ካንሰር አምጪ የሆኑ ሌሎች ቫይረሶች ይፈነጫሉ። ከእነዚህ አንዱ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤች.ፒ.ቪ ነው። ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ነው። ደግነቱ መላ አለው፦ ኮንዶም፣ ምርመራ፣ የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ። የኤች.ፒ.ቪ ክትባትም በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል።

ይህንን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሲጋራውን ገና አልተወም፤ «ሁሉም ነገር ካንሰር ያመጣል» ማለቱን ግን ትቷል። እናንተስ፣ እንዲህ የሚል ጓደኛ የላችሁም?